ባለፈቃዱ ሽማግሌ

በ2079 ዓ.ም. የግራር ውሃ ቀበሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተፈታ ቅሬታ ያልተገኘበት ቀበሌ ተብሎ ሰንደቅ ተሰቅሎለታል። ሰንደቁ አረንጓዴ ነው፤ መሃሉ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች አሉበት። ከሁለቱ እጆች አንዱ የእኔ ነው። ፎቶ ሲያነሱኝ የጨበጥኩት ሰው ማን እንደነበር ግን አላስታውስም፤ እሱም እኔን የሚያስታውሰኝ አይመስለኝም።

ስሜ ኪሩቤል ነው፤ ዕድሜዬ ስድሳ አራት፣ ሥራዬ ሽምግልና። ፈቃድ አለኝ፣ ደረጃ ሁለት፣ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ። ድሮ ሰው ሽማግሌ የሚባለው ፀጉሩ ሲሸብት፣ አንደበቱ ሲበስልና ጎረቤት ሲያምነው ነበር አሉ። አሁን አርባ ሰዓት ሥልጠና ይበቃል። ጋቢውንም የሚሰጡን እነሱ ናቸው። ጀርባው ላይ «የለምለም ሸለቆ የተቀናጀ ግብርና ልማት ፕሮግራም፣ ምዕራፍ ሰባት» የሚል ጽሑፍ አለበት። ምዕራፍ ስድስት የሚለውን አሮጌውን ዝናብ ሲመጣ እለብሰዋለሁ።

እኛ ዘንድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወፎቹ ይከፈታሉ። ከየምሰሶው የርግብና የቆቅ ድምፅ ለአርባ ደቂቃ ይለቀቃል፤ የብዝሀ ሕይወት መለኪያው የሚለካው በድምፅ ነዋ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጅብም አለ። ከዚያ ደወል ይደወልና ወደ ምክክር እንሄዳለን። ሰኞ የውሃ ምክክር፣ ማክሰኞ የሴቶች፣ ረቡዕ የተጋላጭ ወገኖች፣ ሐሙስ ደግሞ «ያልተጠበቁ ጉዳዮች»። ያልተጠበቁት ጉዳዮች ዝርዝር ከሁለት ሳምንት በፊት ታትሞ ይታደለናል። እርሻውን የሚያርሱት ማሽኖች ናቸው፤ አቮካዶውም ተለቅሞ፣ ታሽጎ፣ አንዲት ፍሬ ሳናይ ይሄዳል። እኛ የምናመርተው አስተያየት ነው። ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ ችግኝ እንተክላለን። የምንተክልበት ጉድጓድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያው አንድ ጉድጓድ ነው፤ ፎቶ ለማንሳት ብርሃኑ የሚመቸው እዚያ ብቻ ነው ይላሉ።

በየሰዉ ደጃፍ ምሰሶ ላይ ጡጫ የምታህል ነገር ተሰክታለች። መመሪያው ረጅም ስም አውጥቶላታል፤ እኛ ጆሮ እንላታለን። ቅሬታ ያለው ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ለጆሮ ይናገራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰባት ቀን ይቆጠራል። በሰባት ቀን ካልተፈታ ቅሬታ የቀረበበት ማሽን በራሱ ይቆማል፤ ሚኒስትርም ቢመጣ አያስነሳውም። እንዲህ ያለ ደግ ሕግ በየትም አገር የለም። እኛ የተቀጠርነውም ሕጉ እንዲህ ደግ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የባህል ጥናት ሊያደርግ በመጣ አንድ ባለሙያ ነው ይባላል። ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ወይም ደም ሊያደርቁ ሲመጡ ደጅ ቆመው «አንቀመጥም፤ እሺ እስክትሉን አንቀመጥም» ሲሉ ሰማ። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ሲላቸው ሲቀመጡም አየ። በአባቶቻችን ዘመን ተቀመጡ ማለት ልስማችሁ ማለት ነበር። ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው ነገሩ የሚጀመረው፤ ሦስት ጊዜ መመላለስ አለ፣ ማኩረፍ አለ፣ ዘመድ ማማከር አለ። ባለሙያው ግን ምሳ ሰዓት ደርሶበት ነው መሰለኝ እስከዚያ አልቆየም። «ተቀመጡ ማለት ተስማምቻለሁ ማለት ነው» ብሎ ጻፈ፤ ይኸው መመሪያ ሆነ። ጆሮ ባለቤቱ ተቀመጡ ሲል ከሰማችና ሽማግሌው ሲቀመጥ ካየች ቅሬታው «በባህላዊ ዘዴ የተፈታ» ተብሎ ይዘጋል። አንዴ የተዘጋ ቅሬታ አይከፈትም።

ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ቢያውቅም ግን ምንም አይጠቅመውም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አራት መቶ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ያቆመኝ ሰው አልነበረም። የአገሬ ሰው መሬቱ ሲሄድበት ችሎ ያያል፤ ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆሞ ሲውል ግን ማየት አይችልም። ፕሮግራሙ ስለ እኛ ያወቀው አንድ ነገር ይህ ነው፤ እሱኑ አሳምሮ አወቀው።

እትዬ ረድኤት ቅሬታዋን ለጆሮ የተናገረችው ቅዳሜ ቀትር ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከቤቷ ጓሮ ካለው ቋጥኝ ሥር የምትፈልቅ ምንጭ አለቻት። ከምንጯ በታች ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ጌሾ አላት። በቀበሌው አፈር በእጁ የሚቆፍር ሰው የቀረው እሷ ብቻ ናት። ዶማ በስለታም መሣሪያነት ስለተመዘገበ ስትቆፍር የራስ ቁር ታደርጋለች፤ ቁሩን የምታስረው በሻሽዋ ላይ ነው። ከአጥሯ ማዶ ፓምፕ ቁጥር ዘጠኝ ከተተከለ ወዲህ ምንጯ መጉደል ጀመረች። ቅሬታዋ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «ፓምፑ ምንጬን እየጠጣብኝ ነው፤ አቁሙልኝ።»

ኦፊሰሯ ረቡዕ ከሰዓት ቢሮ አስጠራችን። የአካባቢና ማኅበራዊ ጥበቃ ኦፊሰር ናት፤ ስሟ ወይዘሪት ማንጠግቦሽ ነው። ከእኛ ዘመን ወዲህ የተወለዱት ልጆች ስም ወደ ኋላ ዞሯል።

«አባቶች፣ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ጊዜ አላችሁ» አለችን። «ፓምፕ ዘጠኝ ከቆመ ስምንትም ሰባትም ይቆማሉ፤ የተያያዙ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያቆየነው ሰንደቅ በእናንተ ጊዜ እንዲወርድ አትፈልጉም መቼም።»

«ምንጯ እውነት እየደረቀች ከሆነስ?» አሏት አያ ናሆም።

አያ ናሆም ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከፈቃዱ በፊትም ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእኛ ውስጥ እንዲያ ያለ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሦስተኛችን ያብስራ ይባላል፤ ድሮ ኳስ በሬዲዮ ያስተላልፍ የነበረ ሰው ነው፤ አሁንም ሲለምን ትንፋሽ አይወስድም።

«እሱ በአካባቢ ዘርፍ ነው የሚታየው» አለች ማንጠግቦሽ። «የእናንተ ማኅበራዊ ዘርፍ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ እኛን የመረጠን ፕሮግራሙ የሚያሰላው የቅርበት ነጥብ ነው። ረድኤት ልጄን ክርስትና ያነሳች አበልጄ ናት፤ አብረን ነው ያደግነው፤ ልጄ ከተጠመቀች ወዲህ ግን እንደ ወጉ አንቱ እንባባላለን። ባለቤቴ የሞተች ጊዜ አርባ ቀን ከቤቴ አልጠፋችም። ይህ ሁሉ በነጥብ ተሰልቶ ዘጠና አራት ከመቶ መጥቶልኛል።

ሐሙስ ጧት ወፎቹ ሲዘጉ ደጇ ላይ ደረስን። ጎንበስ ብላ ሽንኩርቷን ትኮተኩታለች።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ረድኤት?» አልናት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደራችሁ?» አለች፤ ቀና አላለችም።

አያ ናሆም ምርኩዛቸውን ደገፍ ብለው ወጉን ጀመሩ። «ለጉዳይ መጥተናል። እሺ እስኪሉን አንቀመጥም።»

ረድኤት ቀና አለች። የራስ ቁሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን።

«ቁሙ» አለች።

ሰማኋት፤ ግን ጆሮዬን አላመንኩትም። እንዲህ ያለ መልስ በሥልጠናው ላይ አልነበረም።

«ጥላው እስከ አራት ሰዓት ዋንዛው ሥር ነው» አለች ረድኤት። «ከዚያ ወደ አጥሩ ይዞራል። አብራችሁት ዙሩ። አያ ናሆም፣ እርስዎ በተለይ ፀሐይ ላይ እንዳይቆሙ።»

ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ያብስራ ልማት የጋራ እንደሆነ፣ ውሃ የጋራ እንደሆነ፣ ነገም የጋራ እንደሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተላለፈ። ስትሰማው ቆየችና «የጋራ ከሆነ የኔዋ ብቻ ለምን ትሄዳለች?» አለችው። ያብስራ ሌላ መንገድ ሞከረ፤ የሸለቆውን ሕዝብ፣ የመጪውን ትውልድ፣ የአቮካዶን ጥቅም። «አቮካዶ በልተህ ታውቃለህ ያብስራ?» አለችው። ያብስራ ጋቢውን አስተካክሎ ጥላውን ተከትሎ ወደ አጥሩ ዞረ።

ረፋዱ ላይ አጥሩ በሰው ተሞላ። ግማሹ ቀበሌ ምክክሩን ጥሎ መጥቷል። ምንጯ እየጎደለች እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ለዚያ ማንም መጥቶ አያውቅም። አሁን የመጡት ሽማግሌ መቆሙን ሰምተው ነው። «ኧረ ነውር ነው!» ይላሉ። «ኧረ በሕግ! ሰው የአባቱን ዕድሜ ደጅ ያቆማል?» አንዲት ጎረቤቷማ አለቀሰች። ረድኤት ለጎረቤቷ ጎመን ቆርጣ በአጥሩ ላይ አሳልፋ ሰጠቻት፤ ጎረቤቷም እንባዋን እየጠረገች ተቀበለቻት።

ሲመሽ ወደየቤታችን ሄድን፤ መመሪያው ከፀሐይ መግቢያ በኋላ መለመንን ይከለክላል።

ዓርብ ጧት ማንጠግቦሽ ራሷ መጣች። ጫማዋ አንድም ጭቃ አልነካውም። ወደ ዋንዛው ጥላ ጠራችንና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባቶች፣ ክፍል አራትን ረሳችሁት እንዴ?» አለችን።

ክፍል አራት «ከፍተኛ የተማጽኖ ደረጃዎች» ይባላል። መንበርከክ፣ ድንጋይ መሸከም፣ ማልቀስ፣ መውደቅ። ሠልጣኞች የሚስቁበት ክፍል ነው፤ እስከዚያ ደርሶ የሚያውቅ አልነበረማ። ድንጋዩን በመኪናዋ ይዛው መጥታለች። ሦስት ጥቁር ድንጋይ፤ ሲያዩት እውነተኛ ነው፤ ሲያነሱት ስፖንጅ ነው። ሽማግሌ ከሁለት ኪሎ በላይ እንዳይሸከም የሙያ ደኅንነት መመሪያው ይከለክላል።

ድንጋያችንን ማጅራታችን ላይ አድርገን ረድኤት ፊት ተንበረከክን። ነፋስ መጣና የያብስራን ድንጋይ ወስዶ ጎመኗ መሃል ጣለው። ያብስራ ተነስቶ ሲያሳድደው ረድኤት መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ዶማዋን ተደግፋ ሳቀች፤ አጥሩ ላይ ያለው ሰውም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ተናድጄ ነበር። አያ ናሆም ግን ከተንበረከኩበት ቀስ ብለው ተነሱ፤ ድንጋያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ አዩት፤ ከዚያ እንደ ዕቃ መሬት አስቀመጡት።

ወደ ማታ አካባቢ ረድኤት ብቻዬን ጠራችኝና ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ምንጯ አጠገብ ተንበርክካ እጇን ከተተች።

«የዛሬ ሳምንት እስከ ክርኔ ነበር» አለች። እጇን አወጣችው፤ የራሰው እስከ አንጓዋ ነው። «ነገ ፓምፑ ከቆመ ትመለሳለች። ውሃ ልማዱን አይረሳም። ካልቆመ ግን አለቀ፣ አበልጄ።»

በቅል ቀድታ ሰጠችኝ። የሽማግሌ ወጉ እሺ ሳይባል አለመቅመስ ነው፤ አልተቀበልኳትም። ከንፈሬ ደርቆ እየተሰነጠቀ ወጉን ጠበቅኩ። ይህን ስጽፍ ራሴን እታዘበዋለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

መንገድ ላይ አያ ናሆም ቆሙና «ኪሩቤል፣ ይህችን ሴት ብንተዋትስ?» አሉኝ።

«ሰንደቁስ አያ?»

«ሰንደቁን ምን ላደርገው፣ ልለብሰው ነው? ነገ እኔ የለሁም። ጉልበቱ ከዳው በልልኝ።» ጥቂት ራመድ አሉና ዞሩ። «ጉልበቴ ደህና ነው። አንተ እንድታውቅ ብዬ ነው።»

ቅዳሜ እኔና ያብስራ ብቻ ቆምን። ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ያብስራ የሚናገረው አልቆበት ድሮ ያስተላለፈውን ጨዋታ ለራሱ ያነበንባል። አጥሩ ላይ ሰው ከሐሙሱ እጥፍ ሆኗል፤ ግን ጩኸት የለም። አንዳንዱ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ፓምፑ እያየ ነው። አንድ ሽማግሌ መሰል ሰው ለጎረቤቱ «እንዲህ ይቻል ኖሯል እንዴ?» ሲለው ሰማሁ። ረድኤት ከጸናች ነገ አራት መቶው ደጃፍ ሁሉ ቁሙ ሊለኝ ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሩብ ጉዳይ ሆነ። ረድኤት ሥራዋን ትታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምናልባት ትጸልያለች።

አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወደቅኩ።

ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ፕሮግራሙን ወድጄ አይደለም፤ ፕሮግራሙን የሚወድ ሰው አላውቅም፤ ማንጠግቦሽም አትወደውም። እግሬ አሞኝ ነበር። ከዚያ የባሰው ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይቀመጥ ተመልሶ የማያውቅ ሽማግሌ ነበርኩ፤ አንዲት ሽንኩርት የምትኮተኩት ሴት ይህን ልትነጥቀኝ ነው። ይህችን የምታህል ነገር ነች። ሰው ለትልቅ ነገር ብሎ ቢበድል ይሻለው ነበር።

አወዳደቄ ክፍል አራት እንደሚለው ነው። መጀመሪያ ጉልበት፣ ከዚያ ትከሻ፣ ራስ በክንድ ይጠበቃል፣ ጋቢው ፊት ላይ ይገለበጣል። ሌላው ሽማግሌ እንዳያነሳ መመሪያው ይከለክላል። ያብስራ አላነሳኝም። ማንጠግቦሽ መኪናዋ ውስጥ ናት። አጥሩ ላይ ያለው ሰው አንድ ላይ «ወይኔ!» አለ፤ ግን ከባለቤቱ ቀድሞ አጥር የሚዘል ጎረቤት በእኛ አገር የለም።

በጋቢው ቀዳዳ አያታለሁ። ረድኤት አልሮጠችም። ወደ ጆሮ አየች። ወደ ፀሐዩ አየች። ከዚያ መጥታ አናቴ ላይ ቆመች፤ ጥላዋ ፊቴ ላይ አረፈ።

«ውሸትዎን ነው» አለችኝ በቀስታ፤ ሌላ ሰው አልሰማትም። «ዐይንዎ ሲከፈት አየሁት፣ አበልጄ። ውሸትዎን ነው።»

ዐይኔን መልሼ ጨፈንኩ። ፓምፑ ይጮኻል። ትንፋሿን እሰማለሁ።

«ግን እውነት ቢሆንስ?» አለች።

የራስ ቁሯን ፈትታ ጣለች። በብብቴ ገብታ አነሳችኝ፤ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ ከባድ ሰው ነኝ። እየጎተተች ወደ ጭቃው መደብ ወሰደችኝ። መደቡ ጋ ስንደርስ በገዛ እግሬ ቆሜ ነበር። ልብ በሉ፤ ቆሜ ነበር። ጆሮ ሁለቱንም ነው የምትፈልገው፤ ቃሏንም፣ መቀመጤንም። ሦስት ደቂቃ ቆሜ መቆየት እችል ነበር።

«ይቀመጡ አበልጄ» አለች። «ቀስ ብለው ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ።

ጆሮ አንዴ ጮኸች፤ አጭር፣ ደስ የሚል ድምፅ አላት። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ተበተነ። ረድኤት ወደ ጓሮ ሄዳ በቅሏ ውሃ አመጣችልኝ። ከተቀመጡ በኋላ መጠጣት ይፈቀዳል፤ ሁሉንም ጠጣሁት።

ምንጯ ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ጎመኑ ቀድሞ ሄደ፤ ጌሾው ጥቂት ተፍጨረጨረ። ረድኤት አሁን የረቡዕ ምክክር ላይ ከተጋላጭ ወገኖች ጋር ትቀመጣለች፤ ዓመታዊው ስብሰባ ላይም «ባህላችንን ያከበረች እናት» ተብላ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷታል። ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። እንደምን አደሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ሌላ የላትም። አያ ናሆም ፈቃዳቸውን አላሳደሱም።

እኔ ወደ ደረጃ ሦስት አደግኩ። ደረጃ ሦስት አሠልጣኝ ነው፤ የማስተምረውም ክፍል አራትን ነው። ባለፈው ሳምንት ፍራሹ ላይ ወድቄ ሳሳያቸው አንዲት አዲስ ሠልጣኝ እጇን አወጣች። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ከወንዝ ማዶ የመጣች፣ ጥንቁቅ ፊት ያላት ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ውሸት መሆኑን ካወቁብንስ?» አለችኝ። «አውቀው ባያነሱንስ?»

ከፍራሹ ተነሳሁ፤ ጋቢዬን አራገፍኩ።

«ያነሱሻል» አልኳት።